ከኮምቦልቻ አፍዴራ ሐይቅ በራሳችን መኪና፦ መንገዱን የምታውቁ ምከሩን

ቦርከና ማዶ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ቤተሰብ ሆነን ከኮምቦልቻ አፍዴራ ሐይቅ ልንወርድ ነው። አንድ ዶልፊን እና አንድ ኮሮላ አለን። ያሰብነው ለጥር መጨረሻ ነው፤ ያኔ ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው። እናቴም አብራን ትሄዳለች። ዕድሜዋ ከስድሳ አልፏል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። "ሰው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል አሉ፣ እኔን ጥላችሁ ብትሄዱ አልፋታችሁም" ብላናለች።

መንገዱን በካርታ አይቼዋለሁ፦ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰመራ፣ ሰርዶ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ አፍዴራ። ካርታ ግን ሙቀቱንም ግመሉንም አያሳይም። በአንድ ቀን መድረስ ይቻላል? ኮሮላዋ ትችለዋለች? የት እንደር? ህዳር ላይ እሳተ ገሞራው ከፈነዳ ወዲህስ አካባቢው እንዴት ነው? መስመሩ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ በዝርዝር ንገሩኝ። አደራ።

ጨው ጫኝ፦
የእንጀራ መንገዴ ስለሆነ ልመልስልህ። ኮሮላ ትችላለች። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ይህን ጉዞ የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ሰዓት ነው። በስንት ሰዓት የት እንደምትሆን ካወቅህ ሌላው ይቀላል።

በአንድ ቀን ልድረስ አትበል። ብትሮጥ ትደርሳለህ፣ ግን ልጆችና እናት ይዘህ በቀትር በረሃ ትገባለህ። ሎግያ ወይ ሰመራ እደር። ሁለቱ ተጠጋግተው ነው ያሉት። ከኮምቦልቻ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋጅታችሁ ብርሃን ሲል ውጡ። ባቲ ቁርስ ትበላላችሁ። ከኮምቦልቻ ሚሌ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀትር ሳይሆን ሎግያ ገብታችሁ ጥላ ስር ጋደም ትላላችሁ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ አፍዴራ። ሦስት ሰዓት እና ከዚያ በላይ ስጠው። ጠዋቱን ሐይቁ ላይ ትሆናለህ፣ ቀትሩን ጥላ ትይዛለህ፣ አመሻሹ ላይ ሰመራ ትመለሳለህ።

አሁን ስለ መንገዱ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሰመራ 430፣ አፍዴራ ደግሞ ከባህር ጠለል 100 ሜትር በታች ነው። ከባቲ በኋላ መውረድ ነው። ፍሬን ረግጠህ አትውረድ፣ ማርሽ ቀንሰህ በሞተር ያዘው። የፍሬን ሸራ ሽታ ከሸተተህ ዳር ይዘህ አቁም፣ ራሱ ይቀዝቅዝ። ውሃ እንዳትደፋበት።

ሚሌ ጋ ከአዋሽ የሚመጣውን የጅቡቲ መስመር ታገኘዋለህ። እዚያ ተሳቢና ቦቴ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ተከታትለን ነው የምንሄደው። ፊት ያለውን አንዱን ብቻ አይተህ ለመቅደም አትውጣ፤ ከፊቱ ሌላ አለ፣ ከዚያም ፊት ሌላ። በቀኝ ፍሬቻ የሚያሳይህ ሹፌር "እለፍ" እያለህ ሊሆን ይችላል፣ ሊታጠፍም ይችላል። በዓይንህ ያላየኸውን አትመን።

ግመል ደግሞ አለ። ከመሸ በኋላ ቀለሙ ከመሬቱ ጋር አንድ ይሆናል፣ መብራትህ ሲያገኘው አጠገብህ ነው። እግሩን ነው የምትመታው፣ ገላው በመስታወት ይገባብሃል። ስለዚህ ከ12 ሰዓት በኋላ መሪ አትያዝ። በእኔ ዘንድ ይህ ድርድር የለውም።

ነዳጅ ሎግያ ወይ ሰመራ ላይ ሙላ። ከዚያ አፍዴራ ደርሶ መልስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወረፋ ሊኖር ስለሚችል የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ላይ ጨርሰው፣ ለጠዋት አታቆየው።

የባቲ ልጅ፦
ባቲን ቁርስ በልቶ ማለፊያ ብቻ አታድርጓት። ገበያዋ ሰኞ ነው። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ አድርጋችሁ ብታቅዱት ስትመለሱ ገበያው ላይ ትደርሳላችሁ። አፋሩ ከቆላ፣ ኦሮሞው ከዙሪያው፣ አማራው ከደጋ ይገናኝበታል። ግመል ተራውን ልጆቹ ይዩት። ግን መኪናውን ከገበያው ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ረፋዱ ላይ መንገዱ በሰውና በከብት ይሞላል፣ ጥሩንባ እየነፉ ለማለፍ መሞከር ነውር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መንገድ ላይ አፋር ሽማግሌ ስታገኙ ቆም ብላችሁ ሰላም በሉ። ዳጉ የሚባል ወግ አላቸው። ሁለት ሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፣ በጥንቃቄ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። የት ጎርፍ እንዳለ፣ የት መንገድ እንደተበላሸ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። ከሰርዶ በኋላ ኔትወርክ ሲቆራረጥባችሁ ይህ ወግ ይጠቅማችኋል።

ሸዋበር ጋራዥ፦
ጨው ጫኝ መውረዱን ተናግሯል። እኔ የምፈራላችሁ መመለሱን ነው። ከሚሌ ወደ ባቲ ስትወጡ ሙቀት፣ ዳገት፣ የሞላ መኪና እና ኤሲ አንድ ላይ ይመጣሉ። እዚያ ነው ሞተር የሚፈላው።

ከመሄዳችሁ በፊት፦ ራዲያተሩ በቧንቧ ውሃ ብቻ ከተሞላ ይደፋና ኩላንት ይግባበት። ክዳኑ ጎማው ደርቆ ከሆነ ይቀየር፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ግን ግፊት ካልያዘች ውሃው ቶሎ ይፈላል። ቺንጋው የተሰነጣጠቀ እንዳይሆን እዩት። ቬንትሌተሩ በሰዓቱ መነሳቱን ሞተሩን አስነስታችሁ ቆማችሁ ጠብቁ።

ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ሲወጣ ካያችሁ መጀመሪያ ኤሲ አጥፉ። ካልበቃ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ውስጡ ይከብዳል፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀበልለታል። አሁንም ካልወረደ ዳር ይዛችሁ አቁሙ። የራዲያተሩን ክዳን በሙቅ ሞተር እንዳትከፍቱ። ፊቱ በዚህ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ።

ጎማ ላይ ቁጥር አለ፣ አራት አሃዝ። 2419 የሚል ከሆነ በፈረንጅ 2019 በ24ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖም ያረጀ ጎማ በረሃ ላይ ይፈነዳል። ስኮርታውንም እዩት፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል። ክሪኩና የጎማ ቁልፉ በየመኪናው ይኑር፣ የዶልፊኑ ለኮሮላዋ አይሆንም።

ገራዶ 03፦
ጎማን በተመለከተ እኔ የማውቀው በረሃ ስትገባ ንፋስ ቀነስ ማድረግ ነው። ሙቀቱ ሲያሳብጠው እንዳይፈነዳ። አባቶቻችንም እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ሸዋበር ጋራዥ፦
ወንድሜ፣ ይህ ነገር ሰው ስለሚጎዳ በግልጽ ልናገር። አስፋልት ላይ ንፋስ የቀነሰ ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይግላል፣ ሲግል ውስጡ ያለው ሽቦና ክር ይላቀቃል። የሚፈነዳው ያኔ ነው። በሾፌሩ በር ጎን የተለጠፈውን ልክ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ሙሉት። ቀን ላይ ሲለካ ከፍ ብሎ ቢገኝ ጎማው የተሠራው ያንን አስቦ ነው፣ አትቀንሱት። መቀነስ የሚጠቅመው አሸዋ ላይ ቀስ ብለህ ስትሄድ ነው። እነሱ ደግሞ አስፋልቱን ለቀው አሸዋ ውስጥ እንዲገቡ አልመክርም፣ በተለይ ኮሮላዋ።

ጨው ጫኝ፦
ጋራዥ ያለው ልክ ነው። የጨውም ነገር አለ። ሐይቁ ዳር ያለው አቧራ ራሱ ጨው ነው። ስትመለሱ ላቫጆ ገብታችሁ ከስር በደንብ አሳጥቡ፣ በተለይ የፍሬን ቱቦና ሻሲውን። ካልታጠበ ብረቱን ይበላዋል።

እህት ከቧንቧ ውሃ፦
ነርስ ነኝ። ስለ እናትህ ልናገር። ውሃው ጨው ስለሆነ ግፊት ይጨምርባታል ብለህ እንዳትፈራ፣ በቆዳ አይገባም። እንዳትውጠው ብቻ። የሚያሰጋት ሙቀቱ ነው። አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ሽንት ያበዛል። በዚያ ላይ ላብ ሲጨመር ሰውነቷ ውሃ ያጣል፣ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል። ከመሄዳችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሐኪሟን አማክሩ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሐይቁ ዳር ፍል ውሃም አለ። ትወደዋለች፣ የእኛ አገር እናቶች ፍል ውሃ ካገኙ መውጣት ይጠላሉ። ለአጭር ጊዜ ትግባ፣ ስትወጣም ሰው ይያዛት። ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ድንገት ስትቆም ታዞራታለች።

ውሃ በጀሪካን ያዙ፣ ለሰው የሚጠጣውና ለመኪናው ለየብቻ። ኦአርኤስ ከፋርማሲ ግዙ። መድኃኒት ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጡ። ልጆች ውሃ ጠማኝ እስኪሉ አትጠብቁ፣ በየግማሽ ሰዓቱ አጠጧቸው። ሽንታቸው ከጠቆረ ውሃ አንሷቸዋል። ሰው ራሱን ከሳተ፣ ወይ ቆዳው እንደ እሳት ሆኖ ንግግሩ ከተምታታ ጊዜ አትስጡት። ጥላ፣ ውሃ ማርጠብ፣ ማራገብ፣ ከዚያ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ። ልጅ በቆመ መኪና ውስጥ ለአምስት ደቂቃ እንኳ ብቻውን አይቀመጥ።

ሎግያ ላይ ስታድሩ አጎበር ጠይቁ። ወባ አለ።

የሐይቅ ልጅ፦
ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ለእናትየው ብዬ ልጠይቅ። ለምን የራሳችን ሐይቅ አይሄዱም? ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓሣው አለ፣ ጥላው አለ፣ አየሩ ይስማማል፣ እስጢፋኖስ ገዳምም አለ። አንድ ቀን ሄዶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል።

ቦርከና ማዶ፦
ሐይቅን እንወደዋለን፣ እንሄዳለንም። ይኼኛው ግን እናቴ ራሷ የመረጠችው ነው። አባቴ በሕይወት እያለ በዚያ መስመር ሹፌር ነበር። እሱ ሲያወራው የኖረውን አገር ማየት ትፈልጋለች።

ጋሼ ጦሳ፦
ልጄ፣ ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። አባትህ የነዳው መንገድ የአሰብ መንገድ ነው። ጣሊያን ያወጣው የደሴ አሰብ መንገድ። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ እያልን ወደብ ነበር የምንገባው። እስከ 1990 ድረስ የአገሩ ዕቃ በዚያ ይገባ ነበር። ጨውም ከአሰብ ነበር የሚመጣው። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው ጨው ተወደደ፣ ያኔ ነው አፍዴራ የተነሳው። ዛሬ በአገራችን ቤት ሁሉ የሚገባው ጨው አብዛኛው ከዚያ ሐይቅ ነው።

ሰርዶ ስትደርሱ መኪናውን አቁምና እናትህን አውርዳት። ቀኝ የሚሄደውን አሳያት። አባትህ በዚያ ነበር የሚያልፈው። እናንተ በግራ ወደ ሰሜን ትታጠፋላችሁ።

ቦርከና ማዶ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ለእናቴ አነበብኩላት። ሰርዶ ላይ እንቆማለን።

ሎግያ ነኝ፦
ስለ እሳተ ገሞራው የጠየቅከው ሳይመለስ እንዳይቀር። ሃይሊ ጉቢ የፈነዳው ህዳር 14 ቀን 2018 ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን፣ ከኤርታሌ አጠገብ ነው ያለው። አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ እስከ ሕንድም ደርሷል። አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮች አመድ ለብሰው ነበር። ከሁሉ የተጎዳው እረኛው ነው፣ ግጦሹ ላይ ወርዶበት። ስለዚህ ስትሄዱ ይህን ያየ ሕዝብ ጋ እንደምትሄዱ እወቁ።

ለእናንተ የሚሆነው፦ ማስክ ያዙ፣ ነፋስ ሲነሳ አመዱም አብሮ ይነሳል። ወደ ኤርታሌ በራሳችሁ እንዳትወጡ፣ እሱ መሪና ፈቃድ ያለው ጉዞ ነው። ሰመራ ስትገቡ ከክልሉ ቱሪዝም ቢሮ ወቅታዊውን ጠይቁ። ቅዳሜ ከሰዓት የምትደርሱ ከሆነ አስቀድማችሁ በሥራ ቀን ደውሉ። ኬላዎች ስላሉ መታወቂያ፣ ሊብሬ እና መንጃ ፈቃድ በእጅ ይሁን። የመንገዱንም ሰላም በዋዜማው ከሚመላለሱ ሹፌሮች ጠይቁ፣ ከባቲ በላይም ከባቲ በታችም።

አፍዴራን መዝናኛ ብቻ ብላችሁ አትጠብቁ። የሥራ ቦታ ነው። የሐይቁ ውሃ ወደ ሜዳ ኩሬዎች ይገባል፣ ፀሐይ ያተነዋል፣ ከስር ጨው ይቀራል። ጠዋት ብትደርሱ ሠራተኞች ቦት ጫማ አድርገው ቅርፊቱን በአካፋ ሲሰበስቡ ታያላችሁ። ኩሬው ዳር ስትጠጉ መጀመሪያ ውሃው ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ታያላችሁ፣ በጣት ሲነካ ስንጥቅ ይላል፣ ከስሩ አራት ማዕዘን የሆኑ ጥቃቅን ፍሬዎች አሉ። ልጆች ሊነኩት ይፈልጋሉ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ግንቡንም አትርገጡ፣ ሰው የደከመበት ነው። ፎቶ ለማንሳትም መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቁ። ነጩ ሜዳ ዓይን ይወጋል፣ ጥቁር መነጽር ያዙ።

የካቲት ላይ ረመዳን ስለሚገባ ከዚያ በፊት መሆናችሁ ጥሩ ነው። ቀን ምግብ ቤት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። አለባበስ ላይ ደግሞ ሴቶችም ወንዶችም ሸፈን ያለ ዋና ልብስ ይሻላል። የሙስሊም አገር ነው፣ ሰዉ እንግዳ ያከብራል፣ እናንተም አክብሩት።

ጨው ጫኝ፦
ውሃው ውስጥ ለመግባት፦ ከባህር ውሃ ከአራት እጥፍ በላይ ጨዋማ ነው። በጀርባ ቀስ ብለህ ትተኛለህ፣ ራሱ ይይዝሃል። በሆድ ለመዋኘት አትታገል፣ እግርህ ወደ ላይ ይወጣና ፊትህ ይገባል። ልጆች ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል፣ አንድ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ይግባ። ዘሎ መግባት ክልክል በሉ። ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ በእጃችሁ አትሹት፣ እጁም ጨው ነው። ቁስል ያለው ሰው ይቅር፣ ጢም የሚላጭም በዋዜማው አይላጭ። ስትወጡ ሳይደርቅባችሁ ፍል ውሃው ጋ ታጠቡ። ከደረቀ ቆዳ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያሳክካል።

ፍል ውሃው ወደ ሐይቁ በሚገባበት ጥግ ትንንሽ ዓሦች አሉ። በዓለም ላይ እዚህ ሐይቅ ብቻ የሚገኙ ናቸው። ልጆቹ ቆመው ይዩአቸው፣ በላስቲክ እንዳይይዙ።

የሐይቅ ልጅ፦
ይህንን አላውቅም ነበር። በእንደዚያ ያለ ጨው ዓሣ ይኖራል?

ሎግያ ነኝ፦
ይኖራል፣ ምንጩ ጨውን በሚያቀጥንበት ዳር ዳር። ሐይቁ ውስጥ ደግሞ ደሴት አለች፣ ፍራንኬቲ ይሏታል። ከባህር ጠለል በታች ካሉት የዓለም ደሴቶች ዝቅተኛዋ እሷ ናት። ስሙ ከጣሊያን አሳሽ የመጣ ነው። ሐይቁንም የፈረንጅ ካርታ ጁልዬቲ ብሎ ይጽፈዋል፣ ያም ሌላ አሳሽ ነው፣ በ1881 በፈረንጅ አቆጣጠር እዚሁ አፋር ምድር የተገደለ። እኛ አፍዴራ ነው የምንለው።

የባቲ ልጅ፦
ልጆቹን በመኪና ውስጥ ከሰለቻቸው፣ ከባቲ ወደ ሚሌ ስትወርዱ በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ ሐዳር እንዳለ ንገሯቸው። ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያ ነው፣ በ1967። 3.2 ሚሊዮን ዓመት። መግባት መሪና ሌላ ቀን ይፈልጋል፣ በዚህ ጉዞ አትሞክሩት። ግን ያንን ደረቅ ኮረብታ እያዩ መስማታቸው ራሱ ትምህርት ነው።

እህት ከቧንቧ ውሃ፦
አንድ ነገር ረስቼ። ጨው ገዝታችሁ ወይ ለቅማችሁ ከመጣችሁ ለማስታወሻ ይሁን። አዮዲን ያልተጨመረበትን ወጥ ውስጥ አታድርጉ። በደጋው ወሎ እንቅርት የበዛው በአዮዲን እጥረት ነው፣ በዚህ ስንት ዓመት ተለፍቷል።

ቦርከና ማዶ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ አድርገነዋል። ጥር 30 ቅዳሜ ብርሃን ሲል ከኮምቦልቻ፣ ቁርስ ባቲ፣ ከቀትር በፊት ሎግያ። ከሰዓት ነዳጅ። እሁድ ጎህ ሲቀድ አፍዴራ፣ ሰርዶ ላይ እየቆምን። ከቀትር በኋላ ተነስተን ሳይመሽ ሰመራ። ሰኞ ጠዋት ተነስተን የባቲ ዳገት ሳይሞቅ እንወጣለን፣ ገበያው ላይ እንቆማለን። እናቴ ማክሰኞ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ ይዛለች። እሱ አይሆንም ካለ ጉዞው ይቀራል፣ እሷም ተስማምታለች። የቀረኝ መኪኖቹ ናቸው።

ሸዋበር ጋራዥ፦
ሰኞን ጠዋት ማድረግህ ጥሩ አስበሃል። የኮሮላዋ ጎማ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንብበህ እዚህ ጻፍልኝ፣ የአምስቱንም። ዶልፊኑን የፍሬን ሸራ እንዳየው ከመሄዳችሁ በፊት ሐሙስ አምጣው። ዓርብ አይሁን፣ ዕቃ መቀየር ካስፈለገ ቀን ያንሰናል።

ቦርከና ማዶ፦
ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። የጎማውን ቁጥር ዛሬ ማታ እጽፍልሃለሁ።